ድንኳንህን ባዕድ ያበራው ዕለት

ሙሌ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞልቶ አለፈ፤ ይኸው ሌላ ክረምት ላያችን ላይ እየዘነበ ነው። ደብዳቤዬን በእንባ ልጀምርልህ አስቤ ነበር፤ ግን ታውቀኛለህ፣ ከማልቀሴ በፊት ቁጣዬ ይቀድማል። ስለዚህ እንደ ፀባዬ ልጀምር። ተቆጥቼብሃለሁ። በወንድምህም ተቆጥቻለሁ። በእናትህም እስካለፈው ሳምንት ድረስ ተቆጥቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትህን አደረግን፤ በዚያ ቀን የሆነውን ሳልነግርህ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

መጀመሪያ ግን አምና የሆነውን ልንገርህ፤ በተኛህበት የሰማኸው ካለ ግማሹን ነው የሰማኸው። በሰፈራችን በዓባይ ማዶ የሚወራው ይህ ነው፤ ትርንጎ ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን አብዳ፣ ቄሱን ገፍትራ፣ ጸበል ደፍታ፣ የአማቷን ክንድ በዘነዘና ሰበረች። ተደርድሮ ሲሰማ ያስፈራል። ከዚህ ሁሉ ሐሰቱ "አብዳ" የሚለው ብቻ ነው። ገፍትሬያለሁ፣ ደፍቻለሁ፣ ሰብሬያለሁ። አንተ እዚያ ብትኖር አንተም ትሰብረው ነበር፤ እንዲያውም ከኔ ቀድመህ ትደርስ ነበር።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙሉቀን ሞተ ሲባል ለቀስተኛው ሁሉ "መብራት ያዘው?" እያለ ነበር ከደጅ የሚገባው። ኩላሊቱ ነው ስላቸው ቅር የሚላቸው ይመስሉ ነበር። ዕድሜ ልኩን ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ፣ በሰው ጣራ ላይ ገመድ ሲጎትት የኖረ ሰው በሕመም አልጋ ላይ መሞቱ አልዋጥ አላቸው። እኔ ግን ኤሌክትሪክ ለምን እንዳልነካህ አውቃለሁ። ፈሪ ስለነበርህ ነው። ሥራ ስትጀምር እጅህን ታደርቃለህ፣ ብሬከሩን ታወርዳለህ፣ ካወረድኸው በኋላም ራስህን ሳታምን በቴስተር ትፈትሻለህ። ስስቅብህ "ፈሪ ለእናቱ" ብለህ አብረኸኝ ትስቅ ነበር።

ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቅህ፤ የቱን ራሴ ልሥራ፣ ለየቱ አንተን ልጥራ? ሌላው ቢሆን ሁሉንም ለኔ ተዉት ይላል። አንተ ግን ደጃፋቸው ላይ ቆመህ ትመክራቸው ነበር። አምፖል ቀይሩ፣ ለርሱ ብትጠሩኝ እኔ አፍራለሁ። ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ እጃችሁን አድርቃችሁ፣ የተሰነጠቀ የሶኬት ክዳን ፈትታችሁ ቀይሩ። የወደቀ ብሬከር አንድ ጊዜ አንሡ። ዳግመኛ ከወደቀ ግን ተዉት፤ አንድ ነገር አይቶ ነው የወደቀው፣ ያን ጊዜ ሰው ጥሩ፣ ሳይቃጠል በቅጠል። ዝናብ የሚያገኘው ገመድ፣ ውሃ የሚፈስበት ክፍል፣ ከቆጣሪው ጋር የተያያዘ ሽቦ፣ ይህ የባለቤት ሥራ አይደለም፤ ጎበዝ ቢሆንም አይደለም። ይህን ስትል ሌላ ጊዜ የማይታይ ኮስታራነት ፊትህ ላይ ይመጣ ነበር።

ሐይቁ ዳር አሳ ልንበላ የሄድንበትን ቀን ታስታውሳለህ? የተጠበሰው አሳ ገና እየተንጨሰጨሰ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ቀና ብለህ ዛፉ ላይ የተጠመጠመውን የአምፖል ገመድ አየህ። ዛፉ ርጥብ ነበር፤ የገመዱ ቅጥያ በፌስታል የተጠቀለለ ነበር። እጄን ይዘህ ከወንበሬ አስነሣኸኝ፣ ባለቤቱን ጠርተህ ጮኽህበት፣ ሰው ሁሉ የሰከርህ መሰለው። አሳዬን አስጥለኸኝ በእግራችን ስንመለስ አኩርፌ ነበር። መንገድ ላይ ልታባብለኝ ብለህ የነገርኸኝ ነው በኋላ እናትህን ያተረፋቸው። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው አይጮህም፣ ድረሱልኝም አይል አልኸኝ። ብረቱን ጨምድዶ ይንቀጠቀጣል እንጂ መልቀቅ አይችልም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ ኤሌክትሪክ ከሁለቱም ይብሳል። በእጅሽ እንዳትነኪው፣ አብረሽው ትቀሪያለሽ። መብራቱን አጥፊ፤ ማጥፋት ካቃተሽ በደረቅ እንጨት መትተሽ አላቅቂው፣ አጥንቱ ቢሰበር ይሰበር። ባል ለሚስቱ በሐይቅ ዳር የሚነግራት ይህን ነው ወይ ብዬ ኩርፊያዬን ረስቼ ሳቅሁ።

አሁን ወደ ተቆጣሁብህ ነገር ልምጣ። ለአገር ሁሉ ስትመክር ለታናሽ ወንድምህ ለደሳለኝ ግን አልነገርኸውም። ነግረኸው ከሆነም እየሳቅህ ነው የነገርኸው። የሚነዳት ባጃጅ ሥራ ፈትታ በቆመች ጊዜ ይዘኸው ትሄዳለህ፣ መሰላል ያዝ፣ ገመድ ሳብ ትለዋለህ፣ ሲመሽ ደግሞ በሰው ፊት "የደሴ እጅ አይፈራም፣ ከኔ ይበልጣል" እያልህ ታሞግሰዋለህ። ታናሽህን ደስ እንዲለው ነበር፤ ይገባኛል። እርሱ ግን አመነህ። ገመድ መቀጠል ተማረ፣ መፍራትን ሳይማር ቀረ፤ ይህ ያንተ ጥፋት ነው፣ ብትሞትም አልምርህም።

ቀብረንህ የተመለስን ዕለት የእድሩ ዳኛ ለድንኳኑ መብራት ባለሙያ እንጥራ ሲሉ ደሳለኝ አበደ። "የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት ሌላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊጠራ ነው? የወንድሜን ድንኳን ባዕድ አያበራውም!" አለ። ሰውም እውነቱን ነው አለ። እኛ ዘንድ ለሟች የሚደረግ ነገር ክብሩ በወገን እጅ ሲሆን ነው፤ አስከሬኑን የሚሸከመው ወንድም፣ አፈሩን የሚያለብሰው ወዳጅ ነው፣ መብራቱ ከዚህ በምን ይለያል? በሙያህ ሰው ሁሉ ያወቀህ አንተ፣ ድንኳንህን በኪራይ ሰው ቢያበሩልህ ውርደት መሰላቸው። እኔም በዚያ ቀን ስለ ገመድ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። ደሳለኝ ከቤት ስቦ በብረት ምሰሶዎቹ ላይ አጠማጥሞ አበራው። ደረቅ ስለነበር ምንም አልሆነም፣ እርሱም ተመሰገነበት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። የድንኳኑ ውስጥ ጭቃ ሆነ፤ ለቀስተኛው አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ደንገዝገዝ ሲል መብራቱን ቢያበሩት ብሬከሩ ወደቀ። ደሳለኝ አነሣው። ወደቀ። ያን ጊዜ ከሐዘኔ ውስጥ ያንተን ድምፅ ሰማሁና ተነሥቼ ሄድሁ። ሙሌ ሁለት ጊዜ ከወደቀ ሰው ጥሩ ይል ነበር፣ ዛሬስ እንጥራ አልሁት። "አንቺ ሐዘንሽ ላይ ተቀመጪ" አለኝ። ፒንሳውን ይዞ ቆጣሪው ወዳለበት ወደ ጓሮ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ መጣ፤ ሳይወድቅም ቆየ። ሰው ሁሉ ተመስገን አለ።

እናትህ እማማ እንጉዳይ ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሙሾ ያወርዱልህ ነበር። ድምፃቸው ሦስት ቀን ጮኸው እንኳ አልተዘጋም። ሊደገፉ ብለው ቀኝ እጃቸውን ወደ ምሰሶው ዘረጉ። ሙሾው መሀል ላይ ተቆረጠ።

እኔ ከቤቱ ደጃፍ ነበርሁ። የለቅሶ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ይወድቃል፣ ማንም አይደነግጥም። ጎረቤታችን ይታክቱ ሐዘን ያንቀጠቀጣቸው መስሏት ሄዳ ብታቅፋቸው ወደ ኋላ ተወርውራ ወንበሩ ላይ ተከሰከሰች። "መንፈስ ነው! ጸበል! ጸበል አምጡ!" ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ በስመ አብ እያለ ተነሣ። እኔ ግን የእናትህን ፊት አየሁት። ዓይናቸው ተበልጥጧል፣ መንገጭላቸው ተቆልፏል፣ አይጮሁም። እጃቸው ብረቱን ጨምድዷል።

ወደ ብሬከሩ ሮጥሁ። ብሬከሩ ቀድሞውኑ ወርዷል፤ አምፖሉ ግን ይበራል። ያን ጊዜ ደሳለኝ ጓሮ ሄዶ ያደረገው ገባኝ፤ ብሬከሩን ዘሎ ከቆጣሪው ቀጥሎታል። የማጠፋው ነገር የለኝም። ማድ ቤት ገባሁ፣ ያየሁት ደረቅ እንጨት ዘነዘናው ብቻ ነበር። ይዤ ስወጣ የንስሐ አባትህ የብረት መስቀላቸውን ዘርግተው የእናትህን ግንባር ሊዳስሱ አንድ እርምጃ ቀርቷቸዋል። ለመለመን ጊዜ አልነበረም። በትከሻዬ ገፋኋቸው፣ ጭቃው ላይ ወደቁ። ይታክቱ የጸበሉን ጀሪካን ከፍታ በእናትህ ላይ ልታፈስ ቀርባ ነበር፤ በዘነዘናው ከእጇ አስፈነጠርሁት። ከዚያ ወደ እናትህ ዞርሁ። የመጀመሪያው ምት ምሰሶውን ነው ያገኘው። ሁለተኛውን ከክርናቸው በታች በሙሉ ጉልበቴ አሳረፍሁት። አጥንቱ ቢሰበር ይሰበር ብለኸኝ ነበር፤ ድምፅ እንዳለው ግን አልነገርኸኝም።

ወደቁ። መተንፈሳቸውን ለማየት ጎንበስ እንዳልሁ ደሳለኝ ከጓሮ መጣ። እርሱ ያየው እናቱ ጭቃ ላይ ወድቀው፣ እኔ ዘነዘና ይዤ በላያቸው ቆሜ ነው። በቡጢ አፌን አለኝ፣ የፊት ጥርሴ እዚያው ምላሴ ላይ ወደቀ። ስወድቅ በእርግጫ ደገመኝ። ሴቶቹ ዘነዘናውን ቀምተው በራሴ ነጠላ እጄን ወደ ኋላ ጠፍረው አሰሩኝ። ደም እየተፋሁ ምሰሶውን አትንኩ፣ ምሰሶውን አትንኩ እላለሁ። በዚህ መሀል የሰፈሩ መብራት በሙሉ ድርግም አለ። እንደ ልማዳችን ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን እንራገም ነበር። አንዱ ጎረምሳ ሄዶ ምሰሶውን በእጁ ያዘና "ይኸው፣ ምን አለው?" አለ። ምንም አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ማን ያምነኛል?

ደሳለኝ ባትሪ ይዞ ገመዱን ሲያወርድ ፊቱን አይቼዋለሁ። ቅጥያው ላይ የጠቀለለው ፌስታል ተልጦ መዳቡ ምሰሶው ላይ ጠቁሮ ነበር። አየው። ጠቅልሎ ባጃጁ ውስጥ ከተተው። የጓሮውንም እንደነበረ መልሶ፣ ብሬከሩን አንሥቶ፣ ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ ይህ ይወድቅ ነበር፣ ይኸው እንደቆመ ነው ብሎ ለሰው አሳየ። ሰው አይቶ አመነ። ያንተን ምክር ለውሸቱ ተጠቀመበት ሙሌ።

እኔን በነጋታው ጸበል ወሰዱኝ። ሳላብድ ተጠመቅሁ። ጸበሉ አልጎዳኝም፤ እሰው ፊት ያላለቀስሁትን እዚያ ውሃ ስር አለቀስሁት። እናትህን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው ብል ማን ሰምቶኝ። ደሳለኝ ሐኪም ምን ያውቃል ብሎ እቤቱ አስተኝቶ ራሱ በቀርከሃ አሰረላቸው። ገመዱን ለባለሙያ ያልሰጠ ሰው አጥንቱንም አልሰጠም። ክንዳቸው ጠሞ ዳነ፤ ዛሬም ከትከሻቸው በላይ አይነሣም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዓመት እንዴት ልንገርህ? ቤትህ እንዳለ አለ። የምሠራበት ኮሌጅ ንብረት ክፍል እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የተቃጠለ አምፖል ራሴ እቀይራለሁ። በጥር ይሁን በየካቲት የሻወሩ ማሞቂያ ጣቴን ነዘረኝ፤ ብሬከሩን አወረድሁና ሰው ጠራሁ። የመጣው ሰው ዝምተኛ ነው፣ እዚህ ሰፈር ማንም አያውቀውም። ካወረድሁት በኋላ ደግሞ በቴስተር ሲፈትሽ አይቼ ጓዳ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። በቤትህ ሌላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስገባቴን ካየህ አትቀየመኝ። አንተ ነህ ያስተማርኸኝ።

የከፋኝ ግን የእናትህ ዝምታ ነው። ደሳለኝ ጋ ነበሩ፣ ከኛ ቤት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ። ምግብ ስልክ ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ዝቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን እንኳ በአፋቸው ሰበረችኝ አላሉም፤ አተረፈችኝም አላሉም። ያለ ልጅ ጥለኸኝ ነው የሄድኸው ሙሌ፤ ከወገንህ ጋር የሚያስተሳስረኝ ገመድ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እርሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ወሬው እየሰባ ሄደ። ቤቱን ብቻዋን ልትወርስ ነው የመታቻቸው ተባለ። በመጨረሻ ዘመዶችህ ተመካክረው ሰው ላኩብኝ፤ ሙት ዓመቱን ታድርግና ወደ ቆላ ድባ፣ ወደ ወገኖቿ ትሂድ፣ አማቷን የመታች ሴት መካከላችን አትኖርም አሉ። ሕጉ ከኔ ጋር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው በሕግ ብቻ ሰፈር ውስጥ ይኖራል ወይ? ሲሞት ማን ይቀብረዋል?

እንግዲህ ያለፈው ሳምንት መጣ። ዝናቡም አብሮ መጣ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ያንኑ ግቢ ውስጥ በዚያው ብረት ምሰሶ ተከሉት። ያንን ዝምተኛ ሠራተኛ ቀጥሬው ስለነበር በጠዋት መሰላሉን ይዞ መጣ። ሥራ ሊጀምር ሲል ደሳለኝ አዲስ የገመድ ጥቅል በትከሻው ይዞ በበሩ ገባ። ሠራተኛውን አየው፣ እኔን አየኝ። "አላልሁሽም? የወንድሜን ድንኳን ባዕድ አያበራውም!" አለ። መሰላሉን በእርግጫ መታው፣ ወድቆ የውሃ በርሜሉን ፈነከተው። ሠራተኛው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ፤ አልፈርድበትም።

ወደ ቆጣሪው ሄጄ በጀርባዬ ሸፍኜው ቆምሁ። እዚህ የምትደርሰው እኔን ገድለህ ነው አልሁት። የምሬን ነበር። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ብረት ስር ሊቀመጥ ነው፤ ዳግመኛ ዘነዘና የሚያነሣ ጉልበት የለኝም፣ የሚያምነኝም የለም። አንገቴ ላይ ያለውን ነጠላ ጨብጦ አነቀኝ። ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ እያለቀሰም ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ አየሁ። ሰው ይጮሃል እንጂ የሚገላግል አልነበረም። ምናልባት ይበላት ያለም ነበር።

እናትህ ከየት እንደመጡ አላየሁም። በግራ እጃቸው ነው የመቱት። ጥፊው ጮኸ፣ ደገሙት፣ ሦስተኛውን ሲሰነዝሩ እርሱ ለቀቀኝ። እናትህ ትንሽ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን ደሳለኝ በፊታቸው እንደ ልጅ ጎበጠ። ጠማማ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደግፈው ለሰው ሁሉ ከፍ አደረጉት። "ይችን የሰበረችው ነፍሴን ልታተርፍ ነው" አሉ። "የያዘኝ አንተ የዘረጋኸው ገመድ ነው። ጥርሴ ሲጋጠም አውቄዋለሁ። የሙሉቀን እናት ነኝ እኮ፣ ኤሌክትሪክና መንፈስ ይጠፋኛል? ዓመት ሙሉ ዝም ያልሁት አንዱን ቀብሬ ሌላውን ባደባባይ እንዳልቀብር ብዬ ነው። ለልጄ ብዬ የልጄን ሚስት ሸጥኋት። ዛሬ ደግሞ ልትገድላት ነው?"

ዝናቡ ሸራው ላይ ይመታል። ደሳለኝ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፍኖ "ገመዱን አይቼው ነበር፣ ያኔውኑ አይቼው ነበር" አለ። ይታክቱ ደረቷን እየደቃች ማልቀስ ጀመረች። የንስሐ አባትህ ወደ እኔ መጥተው፣ ስለ ገፈተርሽኝ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለው ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ዓመት ሙሉ እንዳነከሱ እኔም አላወቅሁም ነበር። እናትህ በሩ ላይ ወደ ደረሰው ሠራተኛ ዞረው "አንተ ልጅ፣ ተመለስና አብራልን" አሉት።

ተመለሰ። ሥራውን ቆሜ አየሁት። ገመዱን ከብረቱ አርቆ በደረቅ ጣውላ ላይ ወሰደው፣ ቅጥያውን ከዝናቡ ውጭ አደረገው፣ ኤሌክትሪክ ቢነካቸው መሬት እንዲወስደው ምሰሶዎቹን በሽቦ አያይዞ ከመሬት ጋር አሰራቸው፣ በብሬከሩ በኩል አብርቶ እስኪመሽ ቆሞ ጠበቀው። ብሬከሩ አልወደቀም። ሰዉ በልቶ ጠጥቶ፣ ነፍስህን ይማር ብሎ፣ በደህና ወደየቤቱ ገባ። ድንኳንህን ባዕድ አበራው ሙሌ። ከከፋህ በኔ አሳብብ።

ደሳለኝ በነጋታው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ መጥቶ ተንበረከከ። ድንጋዩን አውርድ አልሁት እንጂ ይቅር አላልሁትም። ምናልባት በመስቀል፣ ምናልባት በገና። ጥርሴ በሄደበት ቦታ ምላሴ በገባ ቁጥር ንዴቴ ይመለሳል። ወደ ቆላ ድባ ሂጂ ያሉኝ ዘመዶችህ ደግሞ አሁን በየተራ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ ቁጭ አድርጌ ውሃ እሰጣቸዋለሁ፣ ብዙ አላወራቸውም።

እናትህ ከኔ ጋር ናቸው። ሙት ዓመትህ ባለፈ ማግስት ዕቃቸውን በአንድ ዘንቢል ይዘው መጥተው፣ ሳይጠይቁኝ ገብተው ባንተ በኩል ባለው አልጋ ጫፍ ተቀመጡ። አልረሳህም ብዬ ልምልልህ አልፈልግም፤ መሐላ ለሚረሳ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት እናትህን አጥባለሁ፣ ቀኝ እጃቸው ስለማይነሣ ቀሚሳቸውን አለብሳቸዋለሁ፣ ፀጉራቸውን እሠራላቸዋለሁ፤ እርሳቸው እስካሉ፣ እኔም እስካለሁ፣ በየማለዳው ስምህን ሁለት ሆነን እንጠራዋለን።

ዛሬ ጠዋት የተሰበረውን ክንድ በእጅጌው ሳስገባ ያዩኝ ነበር። ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴ ላይ አኖሩትና ዳግመኛ ቢይዘኝ ይችኛዋንም ትሰብሪልኛለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሰብርልዎታለሁ እማማ፣ አልኋቸው። እሺ አሉና ሌላውን እጅጌ እንዳለብሳቸው እጃቸውን ሰጡኝ።

ያንተዋ ትርንጎ